የማይስማሙ ሁለት ወረቀቶች

በፍርድ አደባባይ የሁለት ምስክሮች ቃል ያልተስማማ እንደ ሆነ፥ ዳኛው ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ብሎ ይጠረጥራል። በሐኪም ቤት ግን ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። በፕሮስቴት ካንሰር ታሞ መድኀኒት የጀመረ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለት ወረቀቶች ይቀበላል። የደሙ ምርመራ ፒ ኤስ ኤ የሚባለው ቍጥር ወርዷል ይላል፤ የዐጥንቱ ስካን ደግሞ አስቀድሞ ያልነበሩ ነጥቦች ታይተዋል ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የሚያሳስበን ጥያቄ ይህ ነው፤ ልጆቹ ለአባታቸው የትኛውን ወረቀት ያሳዩ ዘንድ ይገባል? በሽተኞችን በየቤታቸው ስንጠይቅ፥ ክፉው ወረቀት በሣጥን ተቈልፎበት መልካሙ ብቻ ሲነበብ አይተናልና።

ከመፍረዳችን በፊት ግን ወረቀቶቹ ስለ ምን እንደማይስማሙ ማወቅ ያስፈልጋል። የዐጥንት ስካን ካንሰሩን ራሱን አያይም። በደም ሥር የሚገባው ጥቂት ጨረር ያለው ንጥረ ነገር ዐጥንት በሚታደስበት ስፍራ ይከማቻል፤ መሣሪያውም የሚያየው ይህንኑ እድሳት ነው። ስለዚህ መድኀኒቱ በካንሰሩ ላይ በበረታ ጊዜ፥ የተጐዳው ዐጥንት ራሱን ሲጠግን፥ ነጥቡ ከቀድሞው ይልቅ ደምቆ ሊታይ ይችላል፤ ቀድሞ ተሰውሮ የነበረውም ይወጣል። የሚድን ዐጥንትና የሚታመም ዐጥንት በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ መልክ ሊኖራቸው ይችላል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት የፕሮስቴት ካንሰር መድኀኒቶችን የሚፈትኑ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ባወጡት መመሪያ፥ መድኀኒት ከተጀመረ በኋላ በመጀመሪያው ስካን አዲስ ነጥቦች ቢታዩ በዚያ ብቻ በሽታው ገፍቷል እንዳይባል፥ በሚቀጥለው ስካን ደግሞ ቢያንስ ሌሎች ሁለት አዲስ ነጥቦች እንዲፈለጉ ወሰኑ። አንድ ወረቀት አይቶ የሚሠራ መድኀኒት መጣል ትልቅ ጥፋት ነውና።

መሣሪያውም ይለያያል። ፒ ኤስ ኤም ኤ ፔት የሚባለው ስካን የካንሰሩን ሕዋስ በላዩ ካለው ፕሮቲን ይለየዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፥ ቀዶ ጥገና ወይም የጨረር ሕክምና ሊደረግላቸው በተዘጋጁ 302 ወንዶች ላይ ተደርጎ፥ የዚህ ስካን ትክክለኛነት ከመቶ 92፥ የሲቲና የዐጥንት ስካን በአንድነት ከመቶ 65 መሆኑን ገለጠ። ስለዚህ ትናንት በሲቲ ምንም ያልተገኘበት ሰው ዛሬ በፔት ነጥብ ቢገኝበት፥ የጨመረው በሽታው ሳይሆን የመሣሪያው ዓይን ሊሆን ይችላል። ይህም ዓይን ይሳሳታል፤ ተሰብሮ የሚጠገን የጎን ዐጥንት ካንሰር መስሎ ሊታየው ይችላል።

ነገር ግን ማንም በዚህ ቃል ራሱን አያታልል። ፒ ኤስ ኤ እጅግ ጥቂት የሚያመነጭ ካንሰር አለ፤ በዚያን ጊዜ ቍጥሩ ዝቅ እንዳለ በሽታው በእርግጥ ይስፋፋል፥ ክፉው ወረቀትም ትክክለኛው ይሆናል።

እንግዲህ መልካሙን ብቻ የሚያሳይ ልጅ፥ በእጁ ያለው ወረቀት እውነተኛ ሲሆን፥ በእርሱ ይዋሻል። ፍቅሩን አንነቅፍም። በአገራችን መርዶ የሚነገረው በማለዳ፥ ዘመድ ተሰብስቦ ነው፤ ይህም ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ የተሠራ መልካም ሥርዓት ነው። ዳሩ ግን መርዶ ስለ ሞተ ሰው ነው፤ ይህ ወረቀት ግን ስላላለቀ ነገር ይናገራል፥ ባለ ጕዳዩም በሕይወት ተቀምጦ ይሰማል።

ደግሞም ሦስተኛ ምስክር አለ፤ እርሱም በሽተኛው ራሱ ነው። ጀርባው ሌሊት ያመው እንደ ሆነ፥ እህል ይጥመው እንደ ሆነ፥ ባለፈው ወር የወጣውን ዳገት ዛሬ አቅቶት እንደ ሆነ፥ ከእርሱ በቀር በደኅና የሚያውቅ የለም። ሐኪሙም ሁለቱን ወረቀቶች ሲመዝን ይህን ምስክርነት ይፈልጋል። «አባባ፥ ድነዋል» የተባለ አባት ግን ልጆቹን እንዳያሳዝን ሕመሙን ይሸሽጋል፤ ሐኪሙም በጨለማ ይፈርዳል።

«ሁለቱ አልተስማሙም፤ ሐኪሙም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ሊያይ ይፈልጋል» ማለት ለሚናገረውም ለሚሰማውም ይከብዳል። ከጥርጣሬ ይልቅ የታወቀ ክፉ ወሬ የሚቀልላቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ከመርዶው ሥርዓት ይህን እንውሰድ፤ ዘመድ ይቀመጥ፥ ቡናም ይፈላ፥ ሁለቱም ወረቀቶች በፊታቸው ይነበቡ። ልጆቹም ከአባታቸው ጋር ሆነው ሐኪሙን ይጠይቁ፤ አዲሱ ስካን ከየትኛው የቀድሞ ስካን ጋር ተነጻጸረ? መሣሪያው አንድ ዓይነት ነውን? መድኀኒቱ ከተጀመረ ስንት ሳምንት ሆነው? የሚቀጥለውስ መቼ ነው? እስከዚያ ድረስ በራሳቸው ፈቃድ መድኀኒቱን አያቋርጡ። እግሩ ቢዝል፥ ወይም ሽንቱ ቢከለከል፥ ወይም የጀርባ ሕመሙ በድንገት ቢበረታ ግን ሌላ ስካን አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን፥ ሌሊትም ቢሆን፥ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።