ሲሾም ያልበላው ሹም

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ግርማሜ ንዋይ ተሾሞ አልበላም፤ ሲነሳ የቆጨው ሌላ ነገር ነው።

ሰውየው ሥሩ ከመንዝ ከሚመዘዘው የሞጃ ቤተሰብ ነው። አሜሪካ ዊስኮንሲንና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ሲመለስ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ፤ ቀጥሎም የወላይታ አውራጃ ገዥ። እዚያ መሬት ለሌላቸው የመንግሥት መሬት አከፋፈለ። ባለመሬቶቹ አቤት አሉ፤ ግርማሜ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። አለቀ።

እስቲ የአያቶቹን አገር እናስታውስ። በዚያን ዘመን የመንዝና የግሼ ገበሬ መሬት የሚይዘው ገዥ ስለወደደው አልነበረም። የዘር ሐረጉን እስከ አቅኚ አባቱ ቆጥሮ፣ «ርስቴ ነው» ብሎ ተሟግቶ ነው። ክርክሩ ዕድሜ ይፈጃል፣ ዘመድ ያጣላል፤ ገዥ በተቀየረ ቁጥር ግን ርስቱ አብሮ አይሄድም። የወላይታው ጭሰኛ ያገኘው ግን ስጦታ ነው። ስጦታ ደግሞ ሰጪው ሲነሳ ዋስ የለውም።

ግርማሜ ይህ የገባው ይመስለኛል። ችግሩ ያወጣው መፍትሔ ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ ከነበረው ወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር ሥልጣን ያዙ። በቀናት ውስጥ ነገሩ ሲከሽፍ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያገቷቸውን ሹማምንት ረሸኑ። ከሞቱት አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሰሜን ሸዋ ተራሮች ሲዋጉ የኖሩት አርበኛ። ግርማሜም ታኅሣሥ 15 ሞተ፤ ወንድሙ መጋቢት ላይ ተሰቀለ።

ግርማሜን ስንወደው ወላይታን እንጠራለን፣ ስንጠላው ደግሞ ያንን አረንጓዴ ሳሎን። ሁለት ሰው ነው እንዴ? መሬት መስጠትና እስረኛ መግደል በፍጹም አንድ አይደሉም። ግን ሁለቱም ጋ ወሳኙ አንድ ሰው ነው፦ ማን መሬት ይገባዋል፣ ማን ሞት ይገባዋል። ጭሰኛው በመብቱ አልጠየቀም፤ እስረኛውም ፍርድ ቤት አልቀረበም። ተጠያቂነት የሌለው ደግነት ጨክኖ ሲነሳም የሚያስቆመው የለም።

ስለዚህ ደግ ሹም ቢገጥማችሁ አመስግኑት፣ ይገባዋል። ግን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «አንተ ስትነሳ በእጃችን ምን ይቀራል?»