የሐይቁ ባለአደራ

ከካምፓላ መኻል ተነሥቶ በካባላጋላ በኩል የሚወርደው መንገድ የሚያበቃው ጋባ ላይ፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ነው። እዚያ ገበያና የጀልባ ማረፊያ ስላለ ሰው በእግሩ ደርሶ ውኃውን ሊነካ ይችላል። ከዚያ አልፎ እስከ ኢንቴቤ ባለው ዳርቻ ግን መዝናናት የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አጥርና በር ነው። በሩ ላይ መግቢያ ይከፈላል፤ አንዳንድ ቦታ የመኪና ማቆሚያም ይታከልበታል። ሐይቁን ማንም አልሠራውም። ታዲያ የሚሸጠው ምንድን ነው?

የበሩ ባለቤት መልስ አለው። አሸዋውን የሚጠርግ፣ ዋናተኛን የሚጠብቅ፣ መጸዳጃ ቤት የሚያጸዳ ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። ጠባቂ ያጣ ዳርቻ በፕላስቲክ ይሞላና ለማንም አይበጅም። ይህ ክርክር እውነትነት ስላለው በቸልታ ሊታለፍ አይገባም።

ይሁን እንጂ የጉልበት ዋጋ ሌላ፣ የሐይቁ ዋጋ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 237፣ መንግሥት የተፈጥሮ ሐይቆችን ለሕዝብ በአደራ እንዲይዝ ደንግጓል። በ2000 የወጣው ደንብም ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዝቅተኛ የውኃ ጠርዝ አንሥቶ 200 ሜትሩን ጥብቅ ዳርቻ አድርጎታል። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ533 የታወጀው የንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ የሕግ መጽሐፍ አየርን፣ ወራጅ ውኃን፣ ባሕርንና የባሕር ዳርቻን የሰው ሁሉ የጋራ ሀብት ብሏቸዋል።

አደራ በአማርኛ ከባድ ቃል ነው። ላም በአደራ የተቀበለ ሰው ለሣር ያወጣውን ገንዘብ ባለቤቱን ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ባለቤቱ ላሚቱን ሊያይ በመጣ ቁጥር በር ላይ ካስከፈለው ግን አደራ በላ ይባላል።

የመኪና ማቆሚያ ከሣሩ ወጪ ሊቆጠር ይችላል፤ መኪና ቦታ ይይዛል፣ ጥበቃም ይፈልጋል። የወንበር፣ የጥላና የጀልባ ኪራይም እንዲሁ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ በእግሩ መጥቶ ልጆቹን ውኃ ሊያሳይ የፈለገ አባት የሚጠየቀው ገንዘብ ግን ከየትኛው ወጪ ይመደባል? ያን ጊዜ ክፍያው የአገልግሎት ዋጋ መሆኑ ይቀርና ድኻን ከሀብታም የሚለይ ወንፊት ይሆናል።

ስለዚህ ለተሠራው ነገር ይከፈል፤ ለእግረኛ ግን እስከ ውኃው የሚያደርስ ነፃ መንገድ ይተውለት። አደራው የሚመለከተው ጠባቂውን ብቻ አይደለም። በነፃ የገባው ሰው የያዘውን ፌስታል ዳርቻው ላይ ጥሎ ከተመለሰ፣ የልጆቹን አደራ የበላው ራሱ ነው።