አርኤን ሆናችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለምትመለሱ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ከሜሪላንድ እስከ ቨርጂኒያ፣ ያገራችን ልጅ የማይሠራበት ሆስፒታል ማግኘት ይቸግራል። አብዛኞቻችሁ የመጣችሁበትን መንገድ አውቀዋለሁ። ሲኤንኤ ሆናችሁ ጀመራችሁ፤ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብታችሁ አናቶሚውንም ማይክሮባዮሎጂውንም አንድ በአንድ ጨረሳችሁ፤ የሁለት ዓመቱን ፕሮግራም ልጅ እያሳደጋችሁ፣ ሌሊት እየሠራችሁ ተወጣችሁት፤ ኤንክሌክስንም አለፋችሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ «ቢኤስኤኑንስ?» ስትባሉ ፊታችሁ ለምን እንደሚጠቁር ይገባኛል። «እትዬ፣ ፈተናው አንድ፣ ላይሰንሱ አንድ፣ የምንይዘው በሽተኛ አንድ፤ ታዲያ ምን ሊጨምርልኝ ነው?» ትሉኛላችሁ።

ያላችሁት ልክ ነው። ባለ ሁለት ዓመቷም ባለ አራት ዓመቷም የሚቀመጡት ለዚያው ለኤንክሌክስ ነው። በብዙ ቦታ በሰዓት የሚጨመረው ገንዘብም፣ ከተጨመረ፣ ትንሽ ነው፤ ገንዘብ ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ኦቨርታይም ይሻላችኋል። ስለዚህ ለደሞዝ ብላችሁ አትመለሱ።

ልዩነቱ የሚታየው ከአልጋው አጠገብ መነሳት ስትፈልጉ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ መዋል ለዘላለም አይሆንም፤ ወገብ የራሱ ዕድሜ አለው። የዚያን ጊዜ ኬዝ ማኔጅመንቱ፣ የሕዝብ ጤና ቢሮው፣ የኢንፌክሽን ቁጥጥሩ፣ የትምህርት ቤት ነርስነቱ በብዙ ማስታወቂያ ላይ ቢኤስኤን ይጠይቃል። «ማግኔት» የሚባለውን ዕውቅና የያዘ ሆስፒታልም የነርስ ማኔጀሮቹ ሁሉ ቢያንስ የነርሲንግ ባችለር እንዲኖራቸው ይገደዳል። ኒውዮርክማ እ.ኤ.አ. በ2017 በፈረመችው ሕግ አዲስ አርኤኖች ላይሰንስ ባገኙ በ10 ዓመት ውስጥ ባችለራቸውን እንዲይዙ አዛለች፤ ቀደም ብለው ላይሰንስ የያዙትን ግን አልነካችም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሊንዳ ኤይከን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በፔንስልቫኒያ 168 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች አጥንተው ነበር። ባችለር ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ባለ ቁጥር በሽተኛው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ5 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ አገኙት። ይህ ሲነገር «እጃችን ይገድላል ነው የምትሉን?» ብለው የሚቆጡ አሉ። አይደለም። ጥናቱ ሆስፒታልን ከሆስፒታል ያነጻጽራል እንጂ የአንቺን ወይም የእሱን ሙያ አይመዝንም። ደም ሥር ፈልጎ ማግኘትን ወይም የበሽተኛን ፊት አይቶ መደንገጥን ማንም ዩኒቨርሲቲ ከእናንተ የተሻለ አያስተምራችሁም።

ታዲያ ምን ያስተምራል? ከሁሉ አብልጬ የምወደው የማኅበረሰብ ጤናውን ኮርስ ነው። አንድ ሰፈር ትመርጣላችሁ፤ በመኪናም በእግርም ትዞሩታላችሁ፤ ፋርማሲው የት ነው፣ ሽማግሌው አውቶቡስ የሚጠብቀው ምን ላይ ተቀምጦ ነው፣ ሱቁ የሚሸጠው ምን ዓይነት ምግብ ነው እያላችሁ ትጽፋላችሁ። አንዲት የማውቃት ልጅ፣ የልብ ሕሙማን ፍሎር ላይ የምትሠራ፣ ይህን ሥራ የሠራችው በራሷ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነበር። የእኛን አሮጊቶች ደጋግማ ተቀብላለች፤ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ይመጣሉ፣ ውኃው ሲወጣላቸው ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ቻርታቸው ላይ «መድኃኒቷን በአግባቡ አትወስድም» ተብሎ ተጽፏል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብላ ስትጠይቃቸው ነገሩ ሌላ ሆነ። የሚያሸናውን ኪኒን ጠዋት ከዋጡ ቅዳሴው መሀል መውጣት ሊመጣ ነው፤ መጸዳጃው ደግሞ ምድር ቤት፣ ደረጃው ብዙ። የሚቆርቡትማ እህል ውኃ ሳይቀምሱ ስለሚያስቀድሱ ኪኒኑንም አይነኩትም። በጾም ወራት ይኸው ይደጋገማል። ፍሎር ላይ ሳሉ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ቢጠየቁም ለሐኪም «ሽንቴ ይመጣብኛል» ማለት ያሳፍራቸዋል። ልጅቷ ከሐኪሞቻቸው ጋር ተነጋግራ ለአንዳንዶቹ የመዋጫው ሰዓት ወደ ከሰዓት ተዛወረ። ኮርሱ ነው እዚያ የላካት፤ ሺፍቷን ብቻ ስትጨርስ ብትኖር የምታየው ከመግቢያ እስከ መውጫ ያለውን ብቻ ነበር።

ስታቲስቲክስ የሚያስፈራችሁን ያህል አይከብድም። ማኔጀራችሁ በስብሰባ ላይ የወደቁ በሽተኞችን ቁጥር ስታነብ፣ ቁጥሩ በ1,000 የበሽተኛ ቀን ተካፍሎ መሆን አለመሆኑን ለመጠየቅ የሚበቃችሁን ያህል ብትይዙ ጥሩ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ግን ጠንቀቅ በሉ። ብድር ከመውሰዳችሁ በፊት የሆስፒታላችሁን የሰው ኃይል ክፍል ጠይቁ። አሠሪ ለትምህርት የሚከፍለው ገንዘብ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ከግብር ነፃ ነው፤ ጣሪያው ለብዙ ዓመታት በዓመት 5,250 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ብዙ ሆስፒታል ግን በምላሹ ያስፈርማል፦ ከጨረሳችሁ በኋላ ይህን ያህል ጊዜ ካላገለገላችሁ ትመልሳላችሁ የሚል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። ፐር ዲየም ብትዛወሩስ? ብትወልዱና ሰዓት ብትቀንሱስ? ሆስፒታሉ ቢሸጥስ? መልሱ ውስጡ ከሌለ በጽሑፍ ጠይቁ።

ትምህርት ቤቱ በሲሲኤንኢ ወይም በኤሲኢኤን ዕውቅና ያለው መሆኑን በራሳቸው በዕውቅና ሰጪዎቹ ዝርዝር ላይ እዩ፤ ስልክ የሚደውልላችሁ የምዝገባ ሠራተኛ የሚላችሁን አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማ መሸጡ ሲጋለጥ የተጎዱት ሻጮቹ ብቻ አልነበሩም። ሌላም የምታውቁት ነገር አለ፤ ሳምንታዊውን ጽሑፍ በክፍያ እንጽፍላችሁ የሚሉ። እሮብ አንድ ጽሑፍ፣ እሁድ ለሁለት ጓደኛ ምላሽ፣ ከዚያ ደግሞ ማጣቀሻ በኤፒኤ አሠራር፤ አሰልቺ ነው፣ አልክድም። ግን ይህ ፕሮግራም ከሞላ ጎደል ጽሑፍ ነው። በእንግሊዝኛ ሐሳባችሁን በወረቀት ማስረዳት ካልለመዳችሁ ነገ ኮሚቴ ፊት የምታቀርቡትን ማን ይጽፍላችኋል? እንግሊዝኛው ቢሰባበርም የራሳችሁን ጻፉ፤ የዩኒቨርሲቲው የጽሑፍ ማዕከል አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ያርማል፣ ሌሊት ለምትሠሩትም በኦንላይን ይገኛል።

አገር ቤት ዲግሪ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ኢኮኖሚክስም ይሁን ባዮሎጂ፣ ያንን ትራንስክሪፕት በየኮርሱ አስገምግሙት። የጠቅላላ ትምህርቱን ክሬዲት ሊያሟላላችሁ ይችላል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ እንዲያውም በሌላ ሙያ ባችለር ያለውን አርኤን በቀጥታ ወደ ማስተርስ የሚያሻግር መንገድ አለው። ሰነዱን ከሬጅስትራር ማስላክ ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ለመማር ሳትወስኑም ቢሆን ጥያቄውን አሁን አስገቡ።

ጡረታ ደጃፉ ላይ የደረሰውን፣ ፍሎሩንም የሚወደውን፣ ተመለስ አልለውም። ልጇን ጡት የምታጠባዋን ደግሞ በአንድ ተርም አንድ ኮርስ ይበቃሻል እላታለሁ፤ ያንንም ባትችል ለጊዜው ማቋረጥ የሚያስችል ፕሮግራም ትምረጥ። ግማሽ ደርሳ ያቋረጠች ካለች ክሬዲቱ የሚያረጅበት ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ይለያያልና አማካሪውን ጠርታ ትጠይቅ፤ አንዳንዱ የድሮውን ኮርስ ይቀበላል፣ ሌላው ስታቲስቲክሱን እንደገና ያስወስዳል።