ከጥላው በታች ያለው ችግኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ሆይ! እግዚአብሔር አዳምን ከፈጠረው በኋላ ዛፍ በሞላባት ገነት አኖረው፤ እንዲያለማትና እንዲጠብቃትም አዘዘው (ዘፍ. 2፥15)። እንግዲህ መጠበቅ የሰው የመጀመሪያ ሥራው ነው። ነገር ግን የሚጠበቀው የቆመው ዛፍ ብቻ ነውን?

ይህን ጥያቄ ያነሣብን በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያደረግነው ጉብኝት ነው። ፓርኩ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ አስቀድሞ ወደ ሳነቴ ይወጣል፤ በዚያ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል፤ ብርድና ነፋስ እንጂ ረጅም ዛፍ የለም። መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ አስታውና ኮሶው መንገደኛውን በየተራ ይቀበሉታል፤ ቀጥሎም ጥቅጥቅ ያለው የሐረና ደን ይመጣል። ደመናው በቅጠሉ ላይ ያርፋል፤ ከቅርንጫፉም የሽማግሌ ጢም የመሰለ ሽበት ተንጠልጥሏል። ወረድ ሲባል ደግሞ ማንም ያልተከለው ቡና ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር በቅሎ ይገኛል። የአምላክን ጥበብ እዩ! አጭሩ ቡና የሚያድገው ረጅሞቹ ፀሐዩን ስለሚከልሉለት ነው።

ይሁን እንጂ በቡና ደን ውስጥ አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። ቡናው ብዙ እንዲያፈራ ሲባል በሥሩ ያለው ቁጥቋጦ ይመነጠራል፤ ከቁጥቋጦው ጋር የትልልቆቹ ዛፎች ችግኞችም አብረው ይታጨዳሉ። ደኑ ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ጥላውም ሙሉ ነው። ግን ሽማግሌው ዛፍ በወደቀ ቀን የሚተካው የለም። የሚመነጥረው ሰው ክፉ አይደለም፤ ለልጆቹ እንጀራ የሚፈልግ ነው። ለዛሬ ፍሬ ሲል ግን የነገን ጥላ ያጣል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ስፍራ ሄዷል። እሑድ እሑድ ዐውደ ምሕረቱ አሁንም በሰው ይሞላል፤ አባቶችና እናቶች ታክሲ ቀያይረውም ቢሆን ከደብራቸው አይቀሩም። መዘምራኑም አሉ። የሕፃናቱ ክፍል ግን ሳስቷል፤ ሕፃን የሚያመጣው ሰው ካላገኘ ብቻውን ያን ሁሉ መንገድ አይመጣምና። ጉባኤያችን ከሩቅ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ግን ባዶ እንዳይሆን ዛሬ ማሰብ ይገባናል።

ሐዋርያው ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን አብሮ ያነሣል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ጢሞቴዎስ በድንገት አልበቀለም፤ ጥላ ነበረው።

ስለዚህ እያንዳንዳችን በሄድንበት ሰፈር ያሉትን የደብራችንን ልጆች እንፈልግ፤ ወላጆቻቸውን አስፈቅደን ሁለት ሁለቱን ይዘን እንምጣ። መንገዱ የሚከብዳቸው ካሉም በአቅራቢያቸው ባለው ሰንበት ትምህርት ቤት እናስመዝግባቸው። የእኛ ክፍል ባይሞላም ግድ የለም፤ ችግኙ የእግዚአብሔር ነውና በየትኛውም ቅጽር ቢተከል ጥላው ለቤቱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።