የብረት ኩል

መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ጠብቆ ያቆየልን ግእዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂውን ይዞ አውሮፓ እስኪገባ ድረስ የምዕራቡ ሊቃውንት ቁንጽሉን እንጂ ሙሉውን አያውቁትም ነበር። በዚህ መጽሐፍ ምዕራፍ 8 አዛዝኤል ለሰው ልጅ ያስተማረው ይዘረዘራል። ሰይፍና ጩቤ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራትን አስተማረ ይልና ጸሐፊው ትንፋሽ ሳይወስድ ወደ አምባር፣ ወደ ጌጥ፣ ወደ ኩል፣ ወደ ቀለም ይሻገራል። መግደያውና ማጌጫው ከአንድ መምህር፣ በአንድ ትምህርት የወጡ ናቸው። ይህን ያነበበ ሰው ጠመንጃውን አስውቦ የሚይዝ ባላገር ድርብ በደል ሠራ ወደሚል ፍርድ ቢያዘነብል አይገርምም። እኔ ግን ፍርዱ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። የጠመንጃ ባለቤት የሚጠየቅበት ዋናው ነገር ውበቱ ሳይሆን የሚጨምርለት ዕድሜ ነው።

ነገሩን ከብረቱ እንጀምር። በውጭ አገር በትዕዛዝ ጠመንጃ የሚያሠራ ሰው አስቀድሞ የሚመርጠው አፈሙዙን ነው፤ ክሮምና ሞሊብዲነም የገባበት አረብ ብረት ይሁን ወይስ የማይዝግ የሚባለው (እርሱም ቢሆን ጨርሶ አይዝግም ማለት አይደለም)። ቀጥሎ የላዩ ጉዳይ ይመጣል። ከጥንታዊዎቹ ዘዴዎች አንዱ ዝገትን በራሱ በዝገት መከላከል ነው። የተወለወለው ብረት አሲድ ያለበት ፈሳሽ ተቀብቶ እርጥበት ባለበት ቦታ ይሰቀላል። ቀይ ዝገት ስስ ሆኖ ሲለብሰው በንጹሕ ውኃ ይቀቀላል፤ በፈላው ውኃ ውስጥ ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል። ልል የሆነው በደቃቅ ሽቦ ይታሽና እንደገና ይቀባል፣ እንደገና ይዝጋል፣ እንደገና ይቀቀላል። ብዙ ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ብረቱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ቆዳ ያወጣል። ቆዳው እንደ ቀዩ ዝገት ሁሉ የብረትና የኦክስጅን ውጤት ነው፤ ልዩነቱ ብረቱን እየፈረፈረ አለመሄዱና ዘይት መያዙ ነው። ለሚያየው ሰው የተኳለ ዓይን ይመስላል፤ ሥራው ግን ማሳመር ሳይሆን ማቆየት ነው።

በመንዝ፣ በጊሼና በመርሐቤቴ ደጋ ወጉ የተሠራውን መርምሮ መግዛት ነው፤ አመራረጡ ግን ከትዕዛዙ አያንስም። ጠመንጃ የሚያውቅ ገዢ መቀርቀሪያውን ስቦ ያወጣል፤ የአውራ ጣቱን ጥፍር ብርሃን እንዲመልስለት ከኋላ በኩል አጋድሞ ይደግፍና በአፉ በኩል ወደ ውስጥ ያያል። ጠመዝማዛው ቦይ ጠርዙ ስል ሆኖ ካበራለት ይስማማል፤ ከደበዘዘ ወይም ከተቦረቦረ ዋጋ ይጥላል፣ አለዚያም ትቶት ይሄዳል። አየሩም ለብረት ምሕረት የለውም። ጓሳን በመሰለ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ጉም ሲመታው የዋለ ጠመንጃ ምድጃ ወዳለበት ቤት ሲገባ ያልበዋል፤ ላቡ ሳይጠረግ ካደረ ዝገት ይጀምረዋል። ጨርቅና ዘይት ይዞ የሚወለውለው ሰው ታዲያ ለታይታ ብቻ የሚደክም አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ጌጥና ዕድሜ የሚለያዩት። በሰደፉ ላይ ብር ያስለጠፈ ሰው የሚጠየቅበት ካለ በትዕቢቱ ነው፤ ትዕቢቱም አብሮት ይቀበራል። ቦዩን መርምሮ የመረጠና ላዩን የጠበቀ ግን ከራሱ ዕድሜ የሚረዝም ነገር እያዘጋጀ ነው። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዮች ጠመንጃ ሞዴሉ የ1874 እ.ኤ.አ. ነው። ባሩዱ ጥቁርና ጭሳም ነበር፤ ከተኩስ በኋላ በአፈሙዙ ውስጥ የሚቀረው ጥላሸት እርጥበት ስለሚስብ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ካልነካው ብረቱን ይበላዋል። እንዲያም ሆኖ ከዐድዋ ዘመን ተርፎ ለፋሺስት ወረራ የደረሰ ውጅግራ ነበር። ያን ያህል ያቆየው የፋብሪካው ጥበብ ብቻ ሳይሆን ስማቸው ያልተጻፈ የብዙ ሰዎች ጨርቅ ነው። በመካከሉ ማን በማን ላይ ተኮሰበት? የመጀመሪያው ገዢ ይህን ሊያውቅ አይችልም።

“የሚገድለው እጅ እንጂ ብረት አይደለም” የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል፤ መጽሐፍም ይደግፈዋል። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ በአባቱ ኃጢአት፣ አባትም በልጁ ኃጢአት እንደማይጠየቅ አጥብቆ ይናገራል። ልክ ነው፤ ነገር ግን ለሌላው ኃጢአት አለመጠየቅና ለሌላው ስላስቀመጡት ነገር አለመጠየቅ ይለያያሉ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የሰው በሬ ቢገባበት እንዲከፍል ያዝዛል። ሰውየው በሬውን ሊገድል አላሰበም፤ ምናልባትም ተኝቶ ነበር። የተጠየቀው እርሱ በሌለበትም ሥራውን የሚሠራ አደጋ ትቶ በመሄዱ ነው። ለመንዝ ሰው ደግሞ ይህ እንግዳ ሐሳብ ሊሆን አይገባም። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ርስቱን በአባትም በእናትም ወገን እስከ አቅኚ አባቱ ቆጥሮ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ፣ የሞተ ሰው ያቀናው ነገር ሕያዋንን እንደሚያስር ከማንም በላይ ያውቃል። መሬት ሲሆን ሰባት ቤት ተቆጥሮ ጠመንጃ ሲሆን ቆጠራው በአንድ ሰው እጅ ላይ የሚቆምበት ምክንያት አይታየኝም።

ከባዱ ተቃውሞ የሚነሣው ግን ከዚሁ አገር ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዘረት ላይ የአርበኛው ተሾመ ሸንቁጥ ተከታዮች ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከአረጋውያን ጋር በዋሻ ተከበቡ። የጣሊያን ጦር የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው፤ እጅ ሰጥተው ከወጡት ብዙዎቹን በጥይት ፈጀ። ከብዙ ዓመት በኋላ ዋሻውን ያጠኑ አርኪዮሎጂስቶች ዓይነታቸውና ዘመናቸው የተለያየ ቀለሆች አግኝተዋል። አሮጌ ጠመንጃ ወልውሎ ያቆየ አያት ባይኖር ኖሮ በዋሻው የተከበበው ሰው በባዶ እጁ ይሞት እንደነበር ማን ይክዳል? እኔም አልክድም። ሆኖም ዘረት የሚመሰክረው ለያዝኩት ነጥብ ነው። የቀደመው ገዢ ፋሺስትን አስቦ አልገዛም፤ ጥበቃው እርሱ ወዳላያቸው ሰዎች ተሻግሮ በጎ ሆነ። የዚያን ምስጋና ለእርሱ ከሰጠን፣ ያው አፈሙዝ በድንበር ጠብ ወይም በደም መላሽ ወደ ጎረቤት ሲዞርም ስሙ ሊነሣ ነው። ምስጋናውን ተቀብሎ ወቀሳውን መመለስ አይቻልም።

ጅብ በግ ይፈጃልና ጠመንጃ ያስፈልጋል የሚለው መከራከሪያ ትንሽ እውነት አለው፤ ብዙ አያስኬድም እንጂ። (በግ ይፈጃል ተብሎ ስሙ የሚነሣው የጓሳው ቀይ ቀበሮ እንኳ በአመዛኙ የሚኖረው በአይጥ ነው።) ለበግ ጥበቃ የተገዛውም ቢሆን ከበጉ ዕድሜ ያልፋል።

ታዲያ ብረቱ ይዛግ ልል ነው? አይደለም። በግዴለሽነት የዛገ አፈሙዝ ተኳሹን ራሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ስንፍናም ጽድቅ ሆኖ አያውቅም። ኢሳይያስ በምዕራፍ 2 ሰይፉን ወደ ማረሻ ይለውጠዋል፤ ኢዩኤል በምዕራፍ 3 ማረሻውን ወደ ሰይፍ። ብረቱ ለሁለቱም ይታዘዛል፤ ቀጥቃጩም አንድ ሊሆን ይችላል። ወዴት እንደሚዞር የሚወስነው “ይሁን” የሚለው ባለቤት ነው፤ ይህን ቃል ሳይናገር የሞተ ባለቤት ውሳኔውን ለአጋጣሚ ትቶታል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ የሕሊና ጥያቄ ግን ከፈቃዱ ወረቀት ይረዝማል። ስለዚህ አፈሙዝ አጥርታችሁ የመረጣችሁ፣ ላዩንም ለዘመናት ያዘጋጃችሁ ሁሉ፣ ኑዛዜ ስታጽፉ በሬና ቤት ብቻ አትቁጠሩ። ጠመንጃውንም ከነቁጥሩ አስገቡት፤ ለየትኛው ልጅ እንደሚያልፍና ለየትኛው እንደማያልፍ፣ የሚታመን ከሌለም ለመንግሥት እንዲመለስ በንስሐ አባታችሁ ፊት ተናገሩ።