ያለንን ሰው ማን ቆጠረው?

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ተገኝቶ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያደንቀው የፈረሱን ጌጥ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ዕድሜው ነው። ማኅበሩ የዓድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት ተለወጠ፣ ስንት ፕሮጀክት ተከፍቶ ተዘጋ! እሱ ግን አለ። እንደኔ እንደኔ ምስጢሩ ባለው ሰው መሥራቱ ነው። ፈረሱ የፈረሰኛው ነው፤ የተጣላውን የሚያስታርቁትም የዚያው አገር ሽማግሌዎች ናቸው።

እኛስ? ፕሮጀክት ሲባል ቀድመን የምንዘረዝረው የጎደለንን ነው፦ መኪና፣ ኮምፒውተር፣ አማካሪ። ያለንን ሰው ማን ቆጠረው?

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። አስተማሪ ሳለሁ የክፍላችንን መጻሕፍት የሚያደራጅ ባለሙያ ከውጭ ይቀጠርልን እያልኩ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤውን የሚተይቡልኝ ሴትዮ እያንዳንዱ መጽሐፍ የት እንዳለ በቃላቸው ያውቁ ኖሯል። የሰማሁት ጡረታ ሲወጡ ነው። «ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «መቼ ጠየቅኸኝ ልጄ?» አሉኝ።

«ባለው ሰው ተጠቀሙ» ሲባል ሥራ መደራረብ የሚመስለው አለቃ አለ። አይደለም፤ ሰውን መጫንና ሰውን ማወቅ ለየቅል ናቸው። ሲያውቅ ያሠራ አለቃ ደመወዙንም ምስጋናውንም አይነፍግም።

ዱሮ ፈረስ እንኳ ስሙ ይጠራ ነበር፤ ምኒልክን «አባ ዳኘው» ያሰኛቸው ፈረሳቸው ነው። በኛ ሪፖርት ውስጥ ግን የሠራው ሰው ስም የለም።