የተከለለውና የሚታየው

ከለንደን ተነሥቶ ብሪስቶል የሚደርሰው 200 ኪሎ ሜትር ያህል የጉብኝት መስመር «ታላቁ የምዕራብ መንገድ» ይባላል። የንጉሥ ቤተ መንግሥት፣ የገዳም ፍርስራሽ፣ ጥንት የተተከሉ ድንጋዮች፣ የሮማውያን ፍልውሃ በየተራ ያገናኛል። በዚህ መንገድ ከሚጎበኙት ነገሮች ብዙዎቹ ግን ሲሠሩ ለጎብኚ ታስበው አልነበረም፤ ሊሰገድባቸው፣ ስለት ሊገባባቸው፣ ሙታን ሊያርፉባቸው ነው የተሠሩት። መስመሩን ተከትሎ የሚሄድ ሰው አንድ የቆየ ጥያቄ በየጣቢያው ያገኘዋል፦ ቅዱስ የነበረ ነገር ቅርስ ሲባል ቅድስናው የት ይገባል?

የቤተ ክርስቲያን መምህራን «ቅዱስ» የሚለውን ቃል ሲፈቱ «ልዩ፣ የተለየ» ይላሉ። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤሚል ዱርካይም በ1912 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፉ ቅዱስ ነገርን በክልከላ የታጠረና ከሌላው የተለየ ሲል የገለጸው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከዚህ ተነሥቶ፣ በር ከፍቶ ማንንም የሚያስገባ ቅርስ የቅድስና ተቃራኒ ነው ማለት ይቻል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሙዚየምም ገመድ፣ መስታወትና «አይነኩ» የሚል ጽሑፍ አለው። ልዩነቱ አጥሩ ማንን ከማን ይጠብቃል በሚለው ላይ ነው። የሙዚየም አጥር ዕቃውን ከሰው እጅ ይጠብቃል። የመቅደስ አጥር ደግሞ ሰውንም ከቅዱሱ ነገር ይጠብቃል፤ ታቦቱ እንዳይወድቅ ብሎ እጁን የዘረጋው ዖዛ የሞተው ለታቦቱ ክፉ አስቦ አልነበረም።

ዊንዘር ላይ ሁለቱ አጥሮች በአንድ ሕንፃ ይገኛሉ። ኤድዋርድ አራተኛ በ1475 ያስጀመረው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ቲኬት ለቆረጠ ጎብኚ ክፍት ነው፤ እሑድ ለጎብኚ ይዘጋና ለጸሎት ለመጣ ሰው ያለ ክፍያ ይከፈታል። በሩን የሚያልፈውን ሰው የሚለየው የመጣበት ጉዳይ ብቻ ነው። ከሄንሪ ስድስተኛ መቃብር አጠገብ የሚገኘው የብረት ሙዳየ ምጽዋት፣ ንጉሡ እንደ ቅዱስ ይታይ በነበረበት ዘመን ተሳላሚዎች ገንዘብ ይጥሉበት የነበረ ነው። ዛሬ ሳጥኑ የሚታየው ለአንጥረኛው ጥበብ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ግን ዊንዘር ከዚህ ሌላም ነገር ነው። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ ሲሞት የተቀበረው እዚያው ነው። ዐፅሙ ለአገሩ ይመለስ ለሚለው ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 የሰጠው ምላሽ፣ በአካባቢው ያረፉ ሌሎች ሙታንን ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። ክርክሩ ስለ ቅርስ አልነበረም ማለት ነው። ጠያቂውም ከልካዩም የተናገሩት ስለ ሙታን ክብር ነው፤ የተለያዩት የየትኛው ሙት ክብር ይቅደም በሚለው ነው።

ሬዲንግ ላይ የቀረው ፍርስራሽ ነው። ሄንሪ አንደኛ በ1121 የመሠረተውና ኋላም የተቀበረበት ገዳም ብዙ ተሳላሚ የሚስበው የሐዋርያው ያዕቆብ እጅ ነው በሚባል ዐፅም ነበር። በ1539 ሄንሪ ስምንተኛ ገዳሙን ሲዘጋ የመጨረሻው አበምኔት በስቅላት ተቀጣ፣ ድንጋዩም ለሌላ ግንባታ ተወሰደ። በ1786 ሠራተኞች ከፍርስራሹ ውስጥ አንድ የደረቀ እጅ አገኙ፤ አሁን ማርሎው ከተማ ባለ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። እውነት የሐዋርያው ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ይሁንና ያው እጅ በመነኮሳት ዘንድ ፈዋሽ፣ በንጉሡ ሹማምንት ዘንድ ማታለያ፣ በቁፋሮ ሠራተኞች ዘንድ አስደናቂ ግኝት ሆኗል። ሥጋውና አጥንቱ ሳይለወጥ የዙሪያው ሰው ብቻ ተለዋወጠ። ቅድስና ከዕቃው ባሕርይ ብቻ የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ መገለባበጥ ምክንያት አይኖረውም ነበር።

ኤቭበሪ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። ከአራት ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ የተተከለው የድንጋዮች ክብ በስፋቱ በዓለም ትልቁ ሲሆን፣ መንደርና መጠጥ ቤት ሳይቀር በውስጡ ይዟል። የተከሉት ሰዎች ምን ያምኑ እንደነበር የሚናገር ጽሑፍ የለም። በመካከለኛው ዘመን የመንደሩ ሰዎች ከድንጋዮቹ ብዙዎቹን ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯቸው፤ በ1938 ከአንዱ ሥር መቀስና የ14ኛው መቶ ዘመን ሳንቲም የያዘ ሰው ዐፅም ተገኘ። በ18ኛው መቶ ዘመን ደግሞ እሳት እያነደዱባቸው፣ ቀዝቃዛ ውሃ እየደፉባቸው ሰባብረው ቤት ሠሩባቸው። የሁለቱ ዘመን ሰዎች ለድንጋዩ የነበራቸው አመለካከት አንድ አይደለም። ለግድግዳ የሰበረው ሰው ድንጋዩን ድንጋይ ብቻ ነው ያለው። የቀበረው ሰው በአረማዊ ኃይሉ ፈርቶት ከሆነ፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት፣ የቅድስናን አጥር ገና አላፈረሰም፤ እንዲያውም ከዛሬው ፎቶ አንሺ ይልቅ ለድንጋዩ የሚቀርበው እሱ ነው። ከተቀበሩት ብዙዎቹን በ1930ዎቹ ቆፍሮ መልሶ ያቆማቸው በማርማላታ ንግድ የከበረ ቤተሰብ ወራሽ የነበረው አሌክሳንደር ኬይለር ነው። ዛሬ ማንም ገብቶ ሊዳብሳቸው ይችላል። ወደ ደቡብ በሚገኘው ስቶንሄንጅ ግን ጎብኚ በአብዛኛው ከገመድ ውጭ ይቆማል፤ ቀኑ ረጅም በሚሆንበትና በሚያጥርበት የፀሐይ መመለሻ ዕለት፣ የድሮውን እምነት እናድሳለን የሚሉ ሰዎች ጭምር እንዲገቡ ገመዱ ይነሣል።

ባዝ ከተማ የሚፈልቀው ውሃ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይወጣል። ሮማውያን በስፍራው ሱሊስ ሚኔርቫ ለተባለች አምላክ ቤተ መቅደስ ሠርተው ነበር። ከምንጩ ውስጥ ከ12,000 በላይ ሳንቲሞችና 130 ያህል በስስ የእርሳስ ብረት ላይ የተጫሩ ልመናዎች ወጥተዋል። አብዛኞቹ ካባ ወይም ገንዘብ የተሰረቀባቸው ሰዎች ሌባውን ለአምላኳ አሳልፈው የሰጡባቸው የእርግማን ጽሑፎች ናቸው። ጠበል የሚያውቅ አንባቢ ወደ ምንጩ የሚደረገውን ፈውስ ፍለጋ ቶሎ ይረዳዋል፤ እርግማኑ ሊከብደው ይችላል፣ በዚያ ምንጭ ዘንድ ግን ሁለቱ ተለያይተው አልኖሩም። በ1978 በውሃው ውስጥ በሚኖር አሜባ ሳቢያ አንዲት ልጅ ከሞተች በኋላ በጥንታዊው መዋኛ መዋኘት ተከለከለ። እንዲህ ሆኖ ከመንገዱ ሁሉ ሰውን ከነገሩ የሚጠብቅ አጥር ተመልሶ የቆመው እዚህ ነው፤ የሚያስፈራው ግን አምላኳ ሳትሆን ተሐዋሲ ነው።

በዚያው ከተማ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ አለ። በ1958 ለከተማው ሰጡት፣ ለአረጋውያንም አገልግሏል። ለራስተፈሪያን የተቀደሰ ሥፍራ ነው፤ ለኢትዮጵያዊ የስደት ዘመን ማስታወሻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሻይ ለመጠጣት ለሚመጣ ሽማግሌ ቤት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ እንደመሆናቸው፣ የመጀመሪያውን ትርጉም የሚቀበሉት አይመስልም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስቱ ያለ ጠብ የኖሩት፣ አንዱ የሌላውን እንዲያምን የሚያስገድድ አጥር ስላልተሠራ ሊሆን ይችላል።

ከባዱ ጉዳይ ግን መንገዱ በሚጀምርበት በለንደን ነው። የብሪታንያ ሙዚየም 11 ታቦታትን ይዟል፤ አብዛኞቹ ከመቅደላ የመጡ ናቸው። ታቦት ከካህን በቀር ማንም የማያየው በመሆኑ ሙዚየሙ ለእይታ አቅርቧቸው አያውቅም፤ ሠራተኞቹም እንዳያዩአቸው ተሸፍነው ተቀምጠዋል። የዚህ አጥር ባለቤት ማነው? ሙዚየሙ ክልከላውን የተዋሰው ከአማኙ ነው። ነገር ግን ዕቃ የሚያስቀምጠው ለማሳየትና ለማጥናት ከሆነ፣ የማያሳየውንና የማያጠናውን ነገር የሚያስቀምጥበት ምክንያት ከራሱ ሥራ ሊገኝ አይችልም። አማኙ ደግሞ ክልከላው ተከብሮለት የተከለከለው ነገር ይቀርበታል፤ ለታቦት መከለል ትርጉም የሚሰጠው በዙሪያው የሚቆመው ቅዳሴ ነውና። የ1963ቱ የሙዚየሙ ሕግ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ዕቃ አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። በዚያው ከተማ የሚገኘው ዌስትሚንስተር አቢ ግን ቤተ ክርስቲያን በመሆኑ ይህ ሕግ አይመለከተውም፤ በመሠዊያው ውስጥ ያለውን አንድ ታቦት ለመመለስ በመርሕ ደረጃ መስማማቱን በ2024 አሳውቋል።